የጆሮ መከላከያ ልትገዙ የምትሄዱ፣ ሳትከፍሉ በፊት ውስጡን ፈልቅቃችሁ እዩት

ሰላም ወገን፣ በተለይ ብየዳ ቤት እንጨት ቤት ብሎኬት ማምረቻ ምናምን ያላችሁ ይቺን አንብቧት። ባለፈው ወር ቤቴ ለሚሠሩት ልጆች ብዬ መርካቶ ሄጄ ስድስት የጆሮ መከላከያ፣ ያ እንደ ሄድፎን ሚጠለቀውን፣ እና አንድ የድምፅ መለኪያ ገዛሁ። ሰውዬው ምላሱ ማር ነው፣ "ኦርጅናል ነው 35 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ፋብሪካዎቹ ሁሉ ከኔ ነው ሚወስዱት" አለኝ (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ አመንኩት ከፈልኩ ይዤ መጣሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ልጅ "ጋሼ ማታ ማታ ጆሮዬ ጭው ይላል" አይለኝም! አላደረከውም ማለት ነው ብዬ ልቆጣው ስል ቀኑን ሙሉ እንዳላወለቀው ሌሎቹ መሰከሩለት። ራሴ አጥልቄው ግራይንደር አስነሳሁ፣ ወይ ጉድ፣ ባደርገውም ባወልቀውም ያው ነው። ትራሱን በጥፍሬ ፈልቀቅ ሳደርገው ባዶ! ደህናው ዕቃ ውስጡ ድምፅ ሚውጥ ስፖንጅ አለው፣ ይሄ ግን ባዶ የፕላስቲክ ስኒ ነው፣ ትራሱም ድርቅ ያለ ስለሆነ ከጆሮ ስር ክፍተት ይተዋል፣ ክፍተት ካለ ደግሞ ስፖንጅ ቢኖረውም ብዙ አይረባም።

መለኪያውማ ተዉት። ግራይንደሩ እየጮኸ 74 ይላል፣ ሁሉን አጥፍተን ዝም ስንል 61። ጓደኛዬ አይፎኑ ላይ ናዮሽ ሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም በነፃ የለቀቀውን መለኪያ አፕ ጭኖ እዛው ቦታ ሲለካው 101 መጣ (ለአንድሮይድ የለውም እንዳትደክሙ)። ስልክ እንደ ደህና መለኪያ አይሆንም እሺ፣ ግን በ27 ዴሲቤል አይሳሳትም። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በናዮሽ ምክር 85 ዴሲቤል ላይ መቆየት ሚቻለው በቀን 8 ሰዓት ነው፣ 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ! እኔ 74ቱን አምኜ ብቀመጥ ልጆቹን ቀኑን ሙሉ እዛ ላቆማቸው ነበር፣ የውስጥ ጆሮ ሴል ደግሞ አንዴ ከሞተ አይበቅልም።

ስለዚህ ስትገዙ ኢኤን 352 (EN 352፣ የአውሮፓ የጆሮ መከላከያ ደረጃ) ወይ ኤን አር አር (NRR፣ የአሜሪካ የድምፅ ቅነሳ ቁጥር) ሚል ካላያችሁ "35 ዴሲቤል" ሚለው ስቲከር ወሬ ነው፣ ስቲከሩም ይታተማል እኮ፣ ፈልቅቆ ማየቱ ነው ደጉ። መለኪያ ሚሸጥላችሁ ደግሞ ካሊብሬተር (መጠኑ የታወቀ ድምፅ እያወጣ መለኪያ ሚፈትሽ ዕቃ) ካለው ገጥሞ 94 ዴሲቤል ላይ ያሳያችሁ፣ ካንገራገረ ውጡ። ምንም ከሌላችሁ በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋ ለመግባባት ከጮሃችሁ ድምፁ በዝቷል በቃ። ጥጥ መወተፍ ግን ተዉ፣ አይሰራም።

እኔ ኮምፕረሰሩን ከግድግዳው ጀርባ አወጣሁት፣ ለልጆቹ የስፖንጅ ውታፍ ገዛሁ፣ እሱም በጣት አድቦልቡሎ ጆሮን ወደላይ ስቦ ከከተቱ በኋላ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ መያዝ አለበት፣ ዝም ብሎ ጫፉ ላይ መሰካት አይደለም።

ሰውዬው ጋ ስመለስ ደረሰኙን ገልብጦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ሚለውን አነበበልኝ። ስድስቱም አሁን ብሎን ማስቀመጫ ሆነዋል።