ሁለተኛው ስክሪን በቁመቱ ይቁም፦ ለትርጉም ሥራ ሁለት ሞኒተር ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሁለት ሞኒተር ጎን ለጎን ተጋድመው ሲቀመጡ ለተርጓሚ የሚሰጡት ጥቅም ደህና ነው፤ ከዚያ ግን አያልፍም። በአንዱ መነሻውን እያዩ በሌላው ይጽፋሉ፣ መስኮት ከመቀያየር ይድናሉ፣ በቃ። ነገሩ የሚለወጠው ሁለተኛውን 90 ዲግሪ አዙረው በቁመቱ ሲያቆሙት ነው። ሻጭ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቅጥነቱ፣ ስለ ጠርዙ ይደረድራል፤ መቆሚያው ይዞር አይዞር እንደሆነ ግን ካልጠየቁት አይነግርዎትም። እኔ ይህን ግዢ ዛሬም ደግፌ የምከራከረው በዚህች አንድ ነገር ነው።

ሂሳቡን እንየው። በማይክሮሶፍት ወርድ አንድ የኤ4 ገጽ በ100 ፐርሰንት ሲከፈት 794 ፒክስል ስፋትና 1123 ፒክስል ቁመት ይይዛል። በተለመደው 1920 በ1080 ስክሪን ላይ ከላይ የመሣሪያዎቹ ረድፍ፣ ከታች የዊንዶውስ አሞሌ ከተቀነሱ ለገጹ የሚተርፈው ቁመት 800 ፒክስል ገደማ ነው። ሙሉውን ገጽ ላየው ካሉ ወደ 70 ፐርሰንት ማሳነስ ግድ ነው፤ ያኔ የግርጌ ማስታወሻውን ለማንበብ አፍንጫ ከስክሪኑ ጋር ይገናኛል። ያው ስክሪን ሲቆም ግን ገጹ ከራስጌ እስከ ግርጌ በ130 ፐርሰንት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሞኒተሩ 1920 በ1200 ከሆነ ደግሞ እስከ 145 ፐርሰንት ይደርሳል። እነዚያ 120 ፒክስሎች ተጋድመው ሲታዩ ከቁም ነገር አይቆጠሩም፤ ቆመው ሲታዩ ግን የመስመሩን ስፋት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ምርጫ ካለ የስፋቱና የቁመቱ ምጣኔ 16 ለ10 የሆነውን (እንደ 1920 በ1200) ይውሰዱ እንጂ 16 ለ9 የሆነውን (እንደ 1920 በ1080) አይውሰዱ።

ሙሉ ገጽ በአንድ እይታ ማየት ቅንጦት አይደለም። በትርጉም ውስጥ ለመያዝ ከሚያስቸግሩት ስሕተቶች አንዱ የተዘለለ መስመር ነው፤ የተተረጎመው ጽሑፍ ብቻውን ሲነበብ ጉድለቱ አይታወቅምና። መስመር የሚዘለለው ደግሞ በአብዛኛው ገጹ ከስክሪኑ ጫፍ ተቆርጦ ወደ ታች ሲንሸራተት ነው። በተለይ የውል ሰነድ አስቸጋሪ ነው፤ ተከታታይ አንቀጾች በአንድ ዓይነት ሐረግ ስለሚጀምሩ ዓይን ከ«ተዋዋይ ወገኖች» ወደ ሌላው «ተዋዋይ ወገኖች» ዘሎ ያርፋል። «ካት ቱል (የተርጓሚ ማገዣ ፕሮግራም) ጽሑፉን ሴግመንት በሚባሉ ዓረፍተ ነገሮች እየከፋፈለ ያቀርባል፣ ምን ይዘለላል?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ መስመር አያስዘልልም፤ ገጹን ግን ይደብቃል። በሴግመንት ብቻ የቀረበ ሁለት ቃል ርዕስ ይሁን፣ የሠንጠረዥ ሕዋስ ይሁን፣ ከሥዕል በታች ያለ መግለጫ ይሁን የሚታወቀው ገጹ ጎን ላይ ሲቆም ነው። ስካን ተደርጎ የሚመጣ የምስክር ወረቀት ከሆነማ ማኅተሙና ፊርማው የት እንዳረፈ ሳያዩ መተርጎም አይቻልም።

አቀማመጡ ላይ ከብዙዎች ምክር እለያለሁ። የተለመደው ምክር የትርጉም ማህደሩን (ቀድሞ የተተረጎሙ ዓረፍተ ነገሮች ክምችት) ውጤትና የቃላት መፍቻውን ወደ ሁለተኛው ስክሪን ማውጣት ነው፤ ትራዶስ ስቱዲዮም ሆነ ኦሜጋቲ የተባሉት ካት ቱሎች እነዚህን ክፍሎች ነቅለው ወደ ሌላ ስክሪን እንዲወስዱ ይፈቅዳሉ። ግን በእያንዳንዱ ሴግመንት የሚለዋወጥ ነገር ሌላ ስክሪን ላይ ከወጣ በእያንዳንዱ ሴግመንት አንገት ይዞራል ማለት ነው። እነሱ ከጽሑፍ መጻፊያው ጎን ወይም ሥር ይቆዩ። ወደ ቆመው ስክሪን የሚሄደው የማይቀያየረው ነው፦ ከላይ ሁለት ሦስተኛውን መነሻው ፒዲኤፍ ይያዝ፣ ከታች አንድ ሦስተኛውን መዝገበ ቃላት ወይም ብራውዘር። ዊንዶውስ 11 ለቆመ ስክሪን እንዲህ ያለ የላይና የታች ክፍፍል ያቀርባል። መስኮት ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሻገር በማውዝ መጎተት አያስፈልግም፤ የዊንዶውስ ቁልፍን ከሺፍትና ከቀስት ጋር መጫን ይበቃል።

አሁን ወደ ዕዳው። ስክሪን ሲቆም ፊደል ይጎዳል። እያንዳንዱ ፒክስል ጎን ለጎን ከተሰለፉ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ የዊንዶውሱ ክሊርታይፕ ፊደል የሚያጠራው ይህን አሰላለፍ ቆጥሮ ነው። ስክሪኑ ሲዞር ነጥቦቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ፤ ክሊርታይፕ ግን እንደ ተጋደመ አድርጎ ይሠራል፣ የፊደሉ ዳርም ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። የላቲን ፊደል ይህን ችሎ ይነበባል። የግዕዝ ፊደል ግን ሣልሱና ኃምሱ የሚለዩት በእግር ሥር ባለች ጭረትና ቀለበት ነው፤ ቀለበቷ ስትደፈን ዴ ዲ ይመስላል፣ ቴም ቲ። በ10 ነጥብ የተጻፈ ስም ሲሆን ከዐውዱ መገመትም አይቻልም።

መፍትሔው ግማሽ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍን ተጭነው «ክሊርታይፕ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ቢጽፉ ማስተካከያው ይከፈታል፤ ለየሞኒተሩ ናሙና ያቀርባል፣ በጣም የጠራውን ይመርጣሉ። ጥላው ካልለቀቀ ክሊርታይፕን ማጥፋት ይቻላል፤ የተጋደመው ስክሪን ግን አብሮ ጥራቱን ያጣል። ደግነቱ ወርድ ከ2013 እትሙ ጀምሮ ክሊርታይፕን ትቶ በግራጫ ስለሚያለሰልስ እዚያ ችግሩ አይታይም፤ ማክም እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ሞሃቪ እትም ወዲህ እንዲሁ ነው። ብራውዘር ላይ 110 ወይም 125 ፐርሰንት ማጉላት ከማንኛውም ቅንብር ይልቅ ይረዳል።

ከዚህ የባሰው ብዥታ ግን የሚመጣው ሁለቱ ሞኒተሮች የተለያየ ማጉያ ሲሰጣቸው ነው፤ ለምሳሌ አንዱ 100፣ ሌላው 125 ፐርሰንት። የቆየ ፕሮግራም ወደ ሌላኛው ስክሪን ሲሻገር ዊንዶውስ እንደ ፎቶ ይለጥጠዋል። ፕሮግራሙ ላይ በቀኝ ተጫን፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ የዲፒአይ ቅንብሩን ገብቶ ማጉላቱን ለፕሮግራሙ ለራሱ መተው ብዙ ጊዜ ያጠራዋል። አንዳንዱ ግን በአጸፋው ምናሌውን ጉንዳን የሚያህል ያደርገዋል። ሥር ነቀሉ መፍትሔ የፒክስል ጥግግታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሞኒተር መያዝና ለሁለቱም እኩል ማጉያ መስጠት ነው። «ባለ 27 ኢንች ይውሰዱ፣ ፊደሉ ይተልቃል» የሚለው የሻጭ ምክር 1920 በ1080 ላይ ሲሆን የሚያተልቀው ፒክስሉን ነው፤ በኢንች 82 ፒክስል ብቻ ይቀራል፣ ባለ 24ቱ ግን 92 አለው።

ስለ መቆሚያው። ብዙ ርካሽ ሞኒተር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ያጋድላል እንጂ አይዞርም። ያኔ ጀርባው ላይ በ100 በ100 ሚሊሜትር የተደረደሩ አራት የቬሳ ቀዳዳዎች (የሞኒተር ማሰሪያ መደበኛ ቀዳዳዎች) መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ ካሉ ክንድ ይገጠምለታል፣ ብሎኑም አብዛኛውን ጊዜ ኤም4 ነው። በጣም ረጅም ብሎን አስገብተው አያጥብቁ፤ የውስጡን ይነካል። የክንዱ መዞሪያ ከላላ ስክሪኑ ቀስ እያለ ይጣመማል፤ በአለን ቁልፍ ማጥበቅ ነው። ሲያዞሩ መጀመሪያ ወደ ላይ ይሳቡት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያጋድሉት፣ ከዚያ ያዙሩ፤ አለዚያ ማዕዘኑ ጠረጴዛውን ይመታል። ኬብሉም የሚዞርበት ትርፍ ይኑረው። ከዞረ በኋላ ዝቅ ያድርጉት፤ ባለ 24 ኢንች ሲቆም ከግማሽ ሜትር በላይ ስለሚረዝም የላይኛው ጫፍ ከዓይን በላይ ይወጣል፣ ባለ ሁለት እይታ መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ አገጩን ቀና አድርጎ ሲያነብ ይውላል። የሁለቱ ስክሪኖች መሃል በእኩል ከፍታ ላይ ይሁን።

የፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው የስክሪን ክፍል) ዓይነት ከጎንም ሲታይ ቀለሙ እምብዛም የማይለወጠው አይፒኤስ ይሁን። ቲኤን የሚባለው ከላይና ከታች ሲታይ ቀለሙ የሚጠፋ ነው፤ ሲቆም ይህ ድክመት ወደ ግራና ቀኝ ይዞርና ሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ብርሃን ያያሉ።

ሌላው ማውዙ ነው። 1920 የሚረዝም ስክሪን 1080 ከሚረዝመው ጎን ሲቆም 840 ፒክስል ትርፍ ይኖራል፤ ማውዙ በዚያ በኩል ሊሻገር ሲል ግድግዳ ያገኘዋል። በማሳያ ቅንብሩ ውስጥ ሁለቱን ሣጥኖች እየጎተቱ ጠረጴዛው ላይ ባሉበት ከፍታ ልክ ማስተካከል ነው። ዊንዶውስ 11 ማውዙ ሳይጋጭ እንዲያልፍ የሚያደርግ ምርጫም አለው።

«ሁለት ከሚገዙ አንድ ሰፊ ባለ 34 ኢንች ይውሰዱ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። የሱ ሰፊ አብዛኛውን ጊዜ 3440 በ1440 ነው፤ ቁመቱ ከቆመው ባለ 24 ኢንች በ480 ፒክስል ያንሳል። ገጽ የሚረዝመው ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይደለም። «144 ኸርትዝ ነው» (ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ ያድሳል) ካለም ለጌም ይሁንለት፤ የውል አንቀጽ አይሮጥም። ይልቅ ላፕቶፕዎ ሁለት ሞኒተር ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፦ ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ መሠረታዊው ኤም1 ወይም ኤም2 ቺፕ ያለው ማክቡክም በራሱ የሚያወጣው ለአንድ ውጫዊ ሞኒተር ብቻ ነው።

የቪዲዮ ንዑስ ጽሑፍ፣ ስላይድና ሰፋፊ ኤክሴል ብቻ የሚተረጉም ሰው ግን ሁለቱንም ያጋድማቸው፤ ለሚዞር መቆሚያ የሚያወጣውን ለተሻለ ፓነል ያድርገው።