የከተማችን የመጠጥ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት፦ ውሃው ተሻሽሏል፣ ፍሳሹ ገና ነው

በአንዲት አነስተኛ ከተማ ምግብ ቤትና ጥቂት የመንገደኛ አልጋዎች አሉኝ። ጠዋት ፉልና እንቁላል፣ ለምሳ ሽሮና ጥብስ፣ ማታ አልጋ። ውሃ ከሌለ አንዱም አይሠራም። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ የምናገረውን ብዙ ትናንሽ ከተማ የሚኖር ሰው በራሱ ደጅ ያየዋል።

ነጥቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለውሃው ከ5 4 እሰጣለሁ፣ ለፍሳሹ 1። ሁለቱም በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው፣ አንድ ሥራ አስኪያጅና አንድ ቦርድ ነው ያላቸው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ውሃው ላይ የሚያሳዩትን ትጋት ስላየሁ እንደሚችሉ አውቃለሁ።

ውሃችን ከጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚወጣው። ፓምፑ ኮረብታው ላይ ወዳለው ሪዘርቫየር ይገፋዋል፣ ከዚያ ቁልቁል ወደየሰፈሩ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ጄኔሬተር አለ፣ ናፍጣ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ በፈረቃ ነው የምንኖረው። ድሮ የሚያሰቃየን ፈረቃው ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነበር፤ እኩለ ሌሊት ቧንቧው ሲንጎራጎር ሰምተን ነበር ከአልጋ የምንወርደው። አሁን የየሰፈሩ ተራ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ በቴሌግራምም ይወጣል፣ ሲለወጥ በዕለቱ ይነግሩናል። ለነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንሶላና ፎጣ የማሳጥበው በተራችን ቀን ነው፣ ሮቶውን የምሞላውም ያኔ ነው፣ ለሠራተኞቼም አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

ይህን ስል ግን ሮቶ የሌላቸውን አልረሳም። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ነዋሪ ላላት ከተማ የተቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ነበር። ሁለት ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። ከቦኖ እየቀዱ አምስትና ስድስት ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶች ያን ያህል እንደማያገኙ ከበራፌ ቆሜ አያለሁ። አራት ሰጥቼ አምስተኛውን ያስቀረሁት ለዚህ ነው።

ውሃው ከፈረቃ በኋላ ሲመለስ መጀመሪያ ደፍርሶ ይመጣል። ምክንያቱን የነገሩኝ የፓምፕ ጣቢያው ኦፕሬተር ናቸው። መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይጠፋል፣ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ከውጭ ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። እኔ የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ሮቶ አላስገባም፣ ግቢ ነው የማጥብበት። እንግዳ የምታሳድሩ ሁሉ እንደዚህ ብታደርጉ እመክራለሁ። ሌላው ችግር ቆጣሪው በአየር መዞሩ ነበር፤ ውሃው ሲመለስ ፊት ፊት የሚመጣው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፣ ላልተጠጣ ውሃ ይከፈላል። ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አመለከትን። ባለሙያ ልከው መስመሩን አዩ፣ ሰፈራችን ከፍታ ላይ ባለው ቦታ አየር ማስወጫ ቫልቭ ገጠሙ። ከዚያ ወዲህ ቢሌ ከምጠቀመው ጋር ይቀራረባል።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው በክሎሪኑ ነው። ኦፕሬተሩ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ ከተማው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ቤቴ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ናሙና ሊወስዱ ይመጣሉ። ወጥ ቤት ይገቡና ቧንቧውን ከፍተው ትንሽ ያፈሱታል። ከዚያ መዳፍ የምታክል የፕላስቲክ ሳጥን ያወጣሉ። በአንዱ ቀዳዳ ውሃ ብቻ ይሞላሉ፣ በሌላው ውሃ ላይ አንዲት ነጭ ኪኒን ጥለው ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ይዘው ይነቀንቃሉ። ውሃው ቀስ እያለ ሮዝ ይሆናል። ሳጥኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጎኗ ካለው ቀለም ጋር ያስተያዩታል። ተጠቃሚው ቧንቧ ላይ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን መኖር አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ካነሰ ሪዘርቫየሩ ጋ ተመልሰው ኤችቲኤች የሚባለውን የክሎሪን ዱቄት በበርሜል በጥብጠው የሚንጠባጠበውን መጠን ይጨምራሉ። ውጤቱን እዚያው ቆመው መዝገባቸው ላይ ይጽፋሉ።

አንድ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ሽታውን ደንበኛ እያማረረብኝ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሽታው ካለ እኔ በሰላም አድራለሁ። የጠፋ ቀን ነው የምትደውዪልኝ።»

ልክ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. አተት በአዲስ አበባና በየክልሉ ሲነሳ ምግብ ቤት የነበረን ሰዎች የፈራነውን ፍርሃት አንረሳውም። ለቡና የሚሆነውን ውሃ ሰፊ ዕቃ ላይ አሳድረዋለሁ፣ ሽታው ይለቃል። ሌላውን እንዳለ ነው የምጠቀመው።

ታሪፉ ሲጨመር ስብሰባ ጠርተው አስረድተውናል። እኔ ደግፌ ነው የተናገርኩት። ንግድ ቤት ስለሆንኩ ከመኖሪያ ቤት የበለጠ እከፍላለሁ፣ ተገቢ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ እንኳ ለከተሞች ሲያበድር ገንዘቡ ከታሪፍ እንዲመለስ ነው። ፓምፕ ሲቃጠል የሚጠግነው የእኛ ክፍያ ነው፣ ሌላ ማንም አይመጣም።

ወደ ፍሳሹ ልምጣ።

የፍሳሽ መስመር የለንም፣ አልጠይቅምም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያጸደቀው የከተሞች ውሃና ሳኒቴሽን ፕሮጀክት አዲስ አበባንና 22 ሁለተኛ ደረጃ ከተሞችን ነው የያዘው፤ እኛን የመሰለች ከተማ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አትገባም። ቢሠራልንም በፈረቃ ውሃ የፍሳሽ ቧንቧ አይሄድም፣ የሚገፋው ውሃ ሲያጥረው ይደፈናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጉድጓድ አለው። እኔ ሴፕቲክ ታንክ አለኝ፤ ዝቃጩ ታች ይቀራል፣ ውሃው ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። ችግሩ አፈራችን ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ መሬቱ ውሃ ጠግቦ አንዲት ጠብታ አልቀበልም ይላል። ያኔ የከተማው ጉድጓድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞላል።

የመሥሪያ ቤቱ መጣጭ መኪና አንድ ብቻ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወረፋው መጨረሻ የለውም። ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ቢቀድሙ አልቃወምም፣ መቅደም አለባቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ወረፋ ግን በምን እንደሚሄድ ማንም አይነግረንም። ለውሃ ፈረቃ ሰሌዳ ያለው መሥሪያ ቤት ለመጣጭ መኪና ሰሌዳ የለውም። ባለፈው ክረምት የኋላ ክፍሎቼን ዘግቼ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ከሌላ ከተማ የግል መኪና አስመጣሁ፣ ዋጋው የመሥሪያ ቤቱን እጥፍ ያስከነዳል። ሾፌሩ ቱቦውን ከጉድጓዱ ሲያወጣ አፉ ላይ ፌስታልና ጨርቅ ተወትፎ ነበር፤ በእጁ እየጎተተ አወጣው፣ ጓንቱ ተቀዷል። ይህ የእኛም የተጠቃሚዎች ጥፋት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ ክዳን ያለው ቅርጫት አስቀምጫለሁ።

«የት ነው የምታፈሰው?» ስለው፣ «ወጣ ብሎ» አለኝ። የመሥሪያ ቤቱም መኪና ወጣ ብሎ ነው የሚያፈሰው። ቦታውን ሄጄ አየሁት፤ ከወንዙ በላይ ያለ ተዳፋት ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ በመስኖ ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት ይለማል። ጎመኑ ቅዳሜ ገበያ ይመጣል፣ ገዝቼ ለእንግዳ አቀርበዋለሁ። ጋሼ በክሎሪን ከቧንቧው ያባረሩት በሽታ በጎመኑ ተመልሶ ወጥ ቤቴ ይገባል። ይህን ካየሁ ወዲህ ጥሬ ሰላጣ ከምግብ ዝርዝሬ አውጥቻለሁ። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ወራት አልፎም እንደማይሞት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጋግማ ነግራናለች።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከወንዙ የራቀ፣ የታጠረ መሬት ያስፈልጋል። ጠጠር ከታች፣ አሸዋ ከላይ ሆኖ የዝቃጭ ማድረቂያ መደብ ይሠራል፤ ውሃው ሰርጎ ወደ ኩሬ ይሄዳል፣ የቀረውን ፀሐይ ያደርቀዋል። የደረቀውን ለረጅም ጊዜ አቆይቶ ለዛፍ ችግኝ መስጠት ይቻላል። ሌላው የምጠይቀው ሁሉም በክረምት ከሚሻማ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በሰፈር ተራ እንዲመጠጥ ነው። ክፍያውን በየወሩ ከውሃ ቢሉ ጋር ትንሽ ትንሽ ቢቆርጡ እኔ በደስታ እከፍላለሁ፣ በቴሌብርም ሆነ በመስኮት። ቆጣሪ አንባቢዋ በየቤቱ መሄዷ አይቀር፤ ጉድጓዱ መቼ እንደተመጠጠ አብራ ብትመዘግብ ሰሌዳው በራሱ ይወጣል።

እዚህ ንግድ ልትከፍቱ ላሰባችሁ፦ ውሃ ለማስቀጠል አትፍሩ፣ ቆጣሪ ለማስገባት የሚጠይቁት ወረቀት ግልጽ ነው፣ የመስመር ስብራት ስትናገሩም አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ይመጣሉ። ሮቶ ግን ከምታስቡት ከፍ ያለውን ግዙ። ሽንት ቤታችሁን ፋሲካ ሳያልፍ አስመጥጡ። ማስረጊያውን ስታስቆፍሩ ዋልካውን አልፎ ጠጠር ያለው አፈር ላይ እንዲደርስ ቆፋሪውን አስምሉት፣ የጉድጓድ ውሃ ከሚቀዳበት ቦታም አርቁት።

ለቦርዱ የጻፍነው ደብዳቤ የማፍሰሻው ቦታ እንዲቀየርና የመጣጭ መኪናው ወረፋ እንዲለጠፍ ይጠይቃል። የአልጋ ቤትና የምግብ ቤት ባለቤቶች እየፈረሙ ነው፣ ከወንዙ በታች ካሉት አትክልተኞችም የፈረሙ አሉ። ደብዳቤው እኔ ቤት ካሸሯ ጋ ነው፤ ያልፈረማችሁ ምሳ ስትመጡ ፈርሙ።