የአሜሪካው ነፃ የክሬዲት ሪፖርት ከባሕር ዳር ሲታይ፦ ለሕክምና ዕዳ ምን ያህል ይጠቅማል?

በእኛ ሆስፒታል ካርድ ይወጣል፣ ይከፈላል፣ ከዚያ ነው ምርመራና መድኃኒት። አሜሪካ ግን መጀመሪያ ይታከማሉ፤ ቢሉ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በፖስታ ይከተላል። ልጆቻቸው ጋር ከርመው ጣና ዳር ወዳለው ቤታቸው የተመለሱ እናቶችና አባቶች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ሰው ባሕር ዳር፣ ፖስታው ሜሪላንድ። ሳይከፈል የቆየው ቢል ለዕዳ ሰብሳቢ ይተላለፋል፤ ዲያስፖራው «ኮሌክሽን ገባ» የሚለው ይህንን ነው። ቀጥሎ ክሬዲት ሪፖርት ላይ፣ ማለትም አበዳሪዎች በሚያዩት የብድርና የዕዳ አከፋፈል መዝገብ ላይ ይወጣል።

መውጣቱን ለማወቅ ትክክለኛው በር አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (AnnualCreditReport.com) የተባለው ድረ ገጽ ነው። መዝገቡን የሚይዙት ሦስቱ ኩባንያዎች፣ የክሬዲት ቢሮዎች የሚባሉት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን በጋራ ያቆሙት ሲሆን የሦስቱንም ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣል። የባንክ ካርድ ቁጥር ከተጠየቁ ሌላ ገጽ ውስጥ ገብተዋል፣ ይውጡ፤ በስም የሚመስሉት ብዙ ናቸው። ሦስቱንም ማውረድ ያስፈልጋል፤ ሰብሳቢው ለአንዱ ብቻ አስመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ከመዝገቡ ተሰልቶ አበዳሪ የሚመዝንበትን ነጥብ ማለትም ስኮሩን ግን አይጨምርም።

ለመረጃው ጥራት ከአምስት አራት ኮከብ እንሰጠዋለን። ከባሕር ዳር ሆኖ ለመጠቀም ግን ከሁለት አያልፍም። ከአሜሪካ ውጭ ባለ ኢንተርኔት ገጹ ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ቢከፈትም የቀድሞ አድራሻና የድሮ ብድር እየጠቀሰ ማንነት ይፈትናል፤ መልሱ ካልገጠመለት ይዘጋል። ያኔ የሚቀረው የወረቀቱ ቅጽ ነው፦ ተሞልቶ አትላንታ፣ ጆርጂያ ወዳለው ፖስታ ሣጥን 105281 ይላካል፣ ከደረሳቸው በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ሪፖርቱን በፖስታ ይልካሉ። መቀበያው በባንክ መግለጫዎ ላይ ያለው የአሜሪካ አድራሻ ቢሆን ይሻላል፤ ቢሮዎቹ የመታወቂያ ኮፒና የአድራሻ ማረጋገጫ ሲጠይቁ ሁለቱ ካልተገናኙ ነገሩ ይጓተታል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን፣ ማለትም የአሜሪካውን የግል መለያ ቁጥር፣ ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

ሪፖርቱ እጅ ሲገባ በመጀመሪያ ስሙን ማየት ነው። የእኛ ስም ለአሜሪካ መዝገብ አይመችም፦ የልጁ የአባት ስም የአባቱ የራሱ ስም ነው፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ «ጌታቸው» ሦስት ዓይነት ይሆናል። የአባትና የልጅ ዕዳ ሲደባለቅ ይታያል። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ተገልብጦ ከሆነም ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፋል።

ቀጥሎ ዕዳው እዚያ መገኘት ይገባው እንደሆነ ነው። ሦስቱ ቢሮዎች ከሐምሌ 2022 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽን ይሰርዛሉ፤ ያልተከፈለውንም ዓመት ሳይሞላው አያስገቡም። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ መጀመሪያ ሲመዘገብ ከ500 ዶላር በታች የነበረ ዕዳም አይታይም። «መጀመሪያ» የሚለው ቃል ይሰመርበት፦ የ900 ዶላር ዕዳ ላይ 450 ከፍሎ ከ500 በታች ማውረድ ምንም አይፈይድም፣ ሙሉውን መጨረስ ግን ያስሰርዘዋል። ሌላው ወጥመድ ክሬዲት ካርድ ነው። የሆስፒታሉን ቢል በካርድ ከከፈሉ በኋላ ካርዱ ላይ የቀረው ተራ የካርድ ዕዳ ነው፤ ከእነዚህ ጥበቃዎች አንዱም አያገኘውም።

ብዙ ሰው ሪፖርቱን እንዳየ ወደ ቢሮዎቹ አቤቱታ ይሮጣል። እኛ መጀመሪያ ሆስፒታሉን እንላለን። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ከሆነ (አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ናቸው) በሕግ የገንዘብ ድጋፍ ፖሊሲ፣ ማለትም አቅም ላነሰው ታካሚ ቢሉን የሚያቀልበት ደንብ፣ ሊኖረው ግድ ነው፤ ታካሚው ከሕክምናው በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከወጣ ጀምሮ እስከ 240 ቀን ማመልከት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ደግሞ ሆስፒታሉ ለክሬዲት ቢሮ ማስታወቅ አይፈቀድለትም። ድጋፉ ከተፈቀደ ክሬዲቱ ላይ የወጣውን የማስነሣት ሥራ የሆስፒታሉ ነው። ከማመልከቻው ጋር አገልግሎቱ በዝርዝር የተጻፈበት ቢል ይጠየቅ፤ ኢንሹራንሱ ከከፈለው ጋር ሲተያይ ሁለቴ የተቆጠረ ምርመራ የሚገኘው እዚያ ነው።

ለሰብሳቢው የሚጻፈው ደብዳቤ ሌላ ነው። ሰብሳቢው የዕዳውን ማስታወቂያ ከላከ፣ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ «ማስረጃ አቅርቡ» ከተባለ ማስረጃውን እስኪልክ መጠየቁን ማቆም አለበት። በስልክ የተባለ አይቆጠርም። ማስታወቂያው ሜሪላንድ ተቀምጦ 30ው ቀን የሚያልቅባቸው ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ፖስታውን የሚከፍት ዘመድ አሜሪካ ውስጥ ማዘጋጀት ከሁሉ ይቀድማል። ቀኑ ቢያልፍም ለክሬዲት ቢሮው የሚቀርበው አቤቱታ፣ በእነሱ አጠራር ዲስፒዩት፣ የጊዜ ገደብ የለውም። ቢሮው በ30 ቀን፣ አንዳንዴ በ45፣ አጣርቶ ያልተረጋገጠውን ያነሣል። «የኔ አይደለም» ብሎ ቁልፍ መጫን ብቻውን ደካማ ነው፤ ደረሰኝና ኢንሹራንሱ የላከው የክፍያ መግለጫ ይያያዙ።

«ክሬዲት እናጸዳለን» ለሚሉ አስቀድሞ መክፈል አያስፈልግም። ሥራቸውን ሳይጨርሱ ገንዘብ መቀበላቸው ራሱ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው፤ የሚልኩትም ይህንኑ ደብዳቤ ነው። «የሕክምና ዕዳ ሁሉ ከክሬዲት ወጥቷል» የሚለው የቲክቶክ ወሬም አይታመን፦ የሕክምና ዕዳን ከክሬዲት ሪፖርት ሊያስወጣ በጥር 2025 የወጣውን ደንብ ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በሐምሌ ሽሮታል። ኒውዮርክና ኮሎራዶን የመሰሉ ግዛቶች ግን የራሳቸው ክልከላ አላቸው።

ነጥቡ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም እንደ አበዳሪው ይለያያል። ነጥቡ የሚሰላባቸው ቀመሮች ብዙ ናቸው፦ ቫንቴጅስኮር 3 እና 4 የተባሉት የሕክምና ኮሌክሽንን አይቆጥሩም፤ የቤት አበዳሪዎች ለዓመታት የተጠቀሙባቸው ፊኮ የተባለው ቀመር አሮጌ ዓይነቶች ግን ይቆጥራሉ። ቤት ሊገዛ ያሰበ ልጅ ብድሩ ላይ አብረው የሚፈርሙ ወላጅ ካሉት፣ ሪፖርታቸው ከማመልከቻው ሦስት አራት ወር ቀድሞ ይታይ።

ስልክ መደወል ከፈለጉ የምሥራቅ አሜሪካ ቢሮ ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት ባሕር ዳር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ እነሱ ክረምት ሲገቡ 11 ይሆናል። በ800 እና 877 የሚጀምሩት ነፃ መስመሮች ከኢትዮጵያ ስልክ ብዙ ጊዜ አይገቡም፣ በኢንተርኔት መደወል ያስፈልጋል። የተፈረመ ደብዳቤ ደግሞ ወደ ዋሽንግተን በሚበር ሰው እጅ ልኮ፣ እዚያ የመቀበያ ፊርማ ባለው አደራ ፖስታ ማስላክ ከሁሉ ይፈጥናል።