ፊሽ ሀውስ ላላችሁ የሚኒሶታ ልጆች፣ የውስጥ ስራ የሚሰሩ ሰው ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገን። ባለፈው የፊሽ ሀውሳችንን ፎቶ ያየ ሁሉ «ማነው ውስጡን የሰራላችሁ» እያለ ሲጠይቀኝ ስለከረመ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው፣ ደሞም ሰውዬው በአደባባይ ምስጋና ይገባቸዋል። ስሜን አታውጣ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል፣ ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ እልክላችኋለሁ።

ሌላ ስቴት ወይ አገር ቤት ሆናችሁ ምንድነው ፊሽ ሀውስ ለምትሉ፣ እዚህ ዊንተር ሲገባ ሐይቁ ይጋገርና ሰዉ ጎማ ያለው ቤት በፒካፕ እየጎተተ እላዩ ላይ ይገባል፣ ከዛ ጎማው በዊንች ይነሳና ቤቱ በሆዱ በረዶው ላይ ቁጭ ይላል፣ ወለሉ ላይ ክዳን ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ እነሱን ከፍተህ በረዶውን ትሰረስርና በካልሲ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ታጠምዳለህ። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሄደው ሚል ላክስ ነው፣ ከሚኒያፖሊስ በ169 ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ 132 ሺህ ኤከር የሚሆን ሐይቅ። የባህር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ሐይቅ ብርቄ አይደለም ግን ጣና ላይ በታንኳ እንጂ በመኪና የሄደ ሰው አላየሁም። እማዬ ልትጠይቀን መጥታ ነገሩን ስትሰማ «እናንተ ልጆች ምን ነክቷችኋል» ነው ያለችው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እኔና ባልደረባዬ የገዛነው ሼሉን ብቻ ነው፣ 8 በ16 ጫማ፣ ፍሬም፣ ጎማ፣ የውጭ ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት ያለው፣ ውስጡ ግን ባዶ፣ የአሉሚኒየም አጥንቱ ፈጦ የሚታይ። ያለቀለትን ለመግዛት አቅማችን ስላልፈቀደ ነው ምን ይደበቃል። መጀመሪያ ያናገርነው ሰው ቤቱን እንኳን ሳያይ ስለ ቲቪው ስፋትና ስለ ሶፋው ቀለም ነበር የሚያወራን። ጋሼ ግን መጡና ገብተው ግድግዳውን በጣታቸው እየነኩ ትንሽ ዞር ዞር ካሉ በኋላ «ስንት ሆናችሁ ነው የምታድሩት? ልጅ ትይዛላችሁ? ፒካፕህ ስንት ይጎትታል?» አሉኝ። ሶፋ የሚባል ነገር አላነሱም።

ጋሼ አዲስ አበባ እያሉ ቁምሳጥንና አልጋ የሚሰሩ አናጢ ነበሩ፣ እዚህ ከመጡ በኋላ ደሞ ካምፐር (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ጥገና ቤት ለረጅም ጊዜ ሰርተዋል፣ እና የሁለቱ መገናኘት ነው ዋናው ነገር፣ ምክንያቱም ፊሽ ሀውስ ቤትም ነው መኪናም ነው። የቤት አናጢ አሳምሮ ሊሰራው ይችላል ግን ጠጠር መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ሚስማሩ ሁሉ እየወጣ ይመጣል፣ ሐይቁ ላይ ደሞ በረዶው ሲሰነጠቅና ከፍ ዝቅ ሲል የተጠረገው መንገድ ሰላሳ ማይል ከሄዳችሁት ሃይዌይ ይብሳል። ስለዚህ ጋሼ ሚስማር ብቻውን አያምኑም፣ ሙጫና ብሎን ነው፣ መሳቢያው ሁሉ መቆለፊያ አለው፣ የላይኛው ሳጥን በር ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። ስራው ሲያልቅ ደሞ ሳያስረክቡኝ በፊት ራሴ ልንዳው ብለው ፒስታ መንገድ ላይ ጎትተውት ተመልሰው እያንዳንዱን ብሎን እንደገና አጠበቁ። ማን ይሄን ያደርጋል?

ብዙውን ገንዘቤን የበላው ማንም የማያየው ቦታ ነው፣ እና አሁን ሳስበው ልክ ነበሩ። ግድግዳው ክፍት እያለ መጀመሪያ የመብራቱን ሽቦ በሙሉ ዘረጉ፣ ብረት ሰንጥቆ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት አስገቡበት፣ አለበለዚያ መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ የብረቱ ጠርዝ ሽቦውን ይልጠዋል። ከዛ ስፕሬይ ፎም አስነፉ፣ ጠጣሩን ዓይነት፣ እሱ በአንድ ኢንች አር 6 ምናምን ይሰጣል (አር ማለት ቅዝቃዜ የመከላከል አቅሙ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ይሻላል)፣ ነጩ ፎም 4 ገደማ ነው፣ የግድግዳው ውፍረት ሁለት ኢንች ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እኔ ፎሙ ከተነፋ አለቀ ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ብረት ቅዝቃዜ ያሳልፋል አሉና በያንዳንዱ ቋሚ ላይ ቀጭን የፎም ሪባን ለጠፉበት፣ እንጨቱን ከዛ በላይ ነው ያሰሩት። ለምን ስላቸው ሌላ ሰው የሰራውን የጓደኛቸውን ቤት ፎቶ አሳዩኝ፣ ግድግዳው ላይ የብሎኑ ራስ በሙሉ አመዳይ አውጥቶ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኗል፣ ቤቱ ሲሞቅ ያ ሁሉ ቀልጦ ፍራሽ ላይ ይወርዳል። የኛ ቤት ውጭው ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ሆኖ አድረንበታል፣ ግድግዳው ደረቅ ነው።

እንጨቱ ሴዳር ነው፣ ያው ሽታው ደስ ስለሚል እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ እሳቸው ፓይን ይበቃሃል ብለውኝ ነበር። ግን 5/16 ኢንቹን ቀጭኑን ነው ያስገዙኝ፣ ወፍራሙን እንዳልገዛ በግልጽ ከለከሉኝ። ክብደት ላይ ቀልድ አያውቁም። የሚኒሶታ ዲኤንአር (የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መስሪያ ቤት) መመሪያ ትልቅ ፒካፕ ዊል ሀውስ፣ ማለት እንዲህ ጎማ ያለው ቤት፣ እየጎተተ ለመግባት 20 ኢንችና ከዛ በላይ በረዶ ይላል፣ በእግር ለመሄድ 4 ኢንች ነው፣ እና ጋሼ «እያንዳንዷ ፓውንድ አንድ ቀን ታስጠብቅሃለች» ይላሉ። ደሞ ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ያሰሉታል፣ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 ፐርሰንቱ መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት፣ ካነሰ ሃይዌይ ላይ ትሬለሩ ጭራውን ይወዘውዛል። እኔ ኪችኑን ከኋላ ፈልጌ ነበር፣ በእርሳስ ጣውላ ላይ ደምረው ቀንሰው አሳዩኝና ኪችኑና ባትሪው ወደ ፊት ሄዱ፣ ከኋላ ተደራራቢ አልጋው ቀረ። ሲጎተት እጄን አላስጨነቀኝም።

ቀዳዳዎቹ ላይ ግን ያየሁት እውቀት የአናጢ ብቻ አይደለም፣ የሚያጠምድ ሰው እውቀት ነው። ስድስት ቀዳዳ ነው ያለን፣ አንዷ የታችኛው አልጋ ጎን ናት፣ ተኝተህ እጅህን ዘርግተህ ትደርስባታለህ። ከያንዳንዷ በላይ ግድግዳው ላይ ራትል ሪል አለ፣ ማለት ዓሣው ክሩን ሲጎትት የሚንሿሿ መጠቅለያ፣ ሌሊት ስትተኛ እሱ ነው የሚቀሰቅስህ። መሰርሰሪያውን አምጣ ብለውኝ እያንዳንዷ ቀዳዳ ላይ አቁመው ኮርኒሱ ላይ እንዳይመታ ለክተዋል፣ በረዶው ሲወፍር የሚቀጠለው ማስረዘሚያ ጭምር። የባትሪ መሰርሰሪያ ነው መጠቀም ያለብህም አሉኝ፣ የቤንዚኑን ቤት ውስጥ ማስነሳት ጭሱን መጠጣት ነው። ክዳኖቹ ከወለሉ እኩል ናቸው ልጆቹ አይደናቀፉም፣ ወለሉ ጎማ ነው፣ ዳር ዳሩ በሲሊኮን ተዘግቷል፣ ምክንያቱም በረዶ ስትሰረስር የሚወጣው ጭቅቅ ውሃ ቤቱን ሁሉ ነው የሚያዳርሰው።

ማሞቂያው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ቀልድ አይደለም። እኔ ርካሿን ያለ ጭስ ማውጫ የምትሰራዋን የፕሮፔን ማሞቂያ ልገዛ ነበር የፈለግኩት። ጋሼ እምቢ አሉ፣ እሷን ካስገባህ ሌላ ሰው ፈልግ አሉኝ በግልጽ። የምትቃጠልበትን አየር ከቤቱ ውስጥ ነው የምትወስደው፣ ጭሷንም እዛው ትተወዋለች፣ በዛ ላይ ፕሮፔን ሲቃጠል እንፋሎት ስለሚያወጣ መስኮቱን ሁሉ ታስለቅሰዋለች። ያስገቡልን አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ 20 ሺህ ቢቲዩ (የሙቀት ጉልበት መለኪያ ነው) ፈርነስ ነው። ቱቦውን ከውጭ በኩል በቀይ ቀለም አክብበውታል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ነፋስ እንዳይገባ በቤቱ ዙሪያ በረዶ በአካፋ ይከምራል፣ ያንን ቱቦ ከደፈንከው ራስህን ነው የደፈንከው። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ አልጋው አጠገብ ነው፣ የፕሮፔኑ ደሞ ወለሉ አጠገብ፣ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ነው የሚተኛው። የጋዙን መስመር ራሳቸው አልነኩትም፣ ፈቃድ ያለው ሰው ጠርተው አሰሩና ቆመው ሳሙና እየቀቡ መገጣጠሚያውን ሁሉ ፈተሹ። የማላውቀውን አልነካም የሚል ባለሙያ ከተገኘ አጥብቃችሁ ያዙት።

ፎሙ የት እንደሚያገለግል የገባኝ እዚህ ላይ ነው። 20 ፓውንዷ ሲሊንደር 4.7 ጋሎን ገደማ ነው የምትይዘው፣ ፈርነሱ ሳያቋርጥ ቢነድ አንድ ቀን እንኳን አትሞላም። የኛ ሞቆ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይነሳል፣ ኮርኒሱ ላይ ያለችው ትንሽ ፋን ደሞ ሙቀቱን ወደ እግራችን ትገፋዋለች። ባትሪያችን ሊትየም ስለሆነ ከ32 ፋራናይት በታች ቻርጅ ከተደረገ ስለሚበላሽ ሳጥኑን ከውስጥ ሶፋው ስር ነው የሰሩለት፣ ሙቀት የምታስገባ ፍርግርግ ያለው።

አሁን የቡናውን ነገር። እማዬ እኔ ሳልሄድ ቡና አይፈላም ብላ ስለነበር ከሰል የሚቀመጥበት ቦታ ይስሩልን ስላቸው ጋሼ ተቆጡ። «አንተ ልጅ፣ አገር ቤት ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ ተኝቶ ያልተነሳ ሰው አልሰማህም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው ሁላችንም ሰምተናል። ግን ዝም ብለው አልቀሩም፣ ከመስኮቱ ስር ከጋዝ ምድጃው አጠገብ የምትታጠፍ ጠረጴዛ ሰሩ፣ ከላይዋ አየር ማውጫ ፋን፣ ከሳጥኑ ውስጥ ደሞ ለጀበናዋ ቂጥ ልክ የሆነ ክብ ጉድጓድ ቆርጠው በጨርቅ ለበዱት፣ ለስኒዎቹም እንደዛው፣ እስካሁን አንድ ስኒ አልተሰበረም። ይሄን አላዘዝኳቸውም፣ ሂሳብ ውስጥም አላስገቡትም። ዕጣኑ ውጭ ነው በሩ ላይ። እማዬ መጨረሻ ላይ መጥታ ገባች፣ ቀዳዳዋን አጎንብሳ አይታ አማተበች፣ ከዛ ቡናውን አፈላች፣ ማታ ላይ ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ ስናወጣ ከሁላችን በላይ የጮኸችው እሷ ናት። የገና ጾም ስለነበር ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ተነስቶ ነበር፣ እዚህ ኮሜንት ላይ ባትቀጥሉት ደስ ይለኛል።

በሩንም ልንገራችሁ፣ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ መቆለፊያውም ሰው ውስጥ እያለ ከውጭ መከፈት የሚችል ነው፣ ህጉም የሚለው እሱን ነው።

እንከን የለም ወይ ካላችሁ አለ። ጋሼ ቀርፋፋ ናቸው፣ ይሄን ሳልናገር ብቀር ትወቅሱኛላችሁ። ሳምንት ይበቃል የተባለ ስራ ሳምንት አይበቃም፣ እና አንዳንዴ ያለቀውን አፍርሰው እንደገና ይሰሩታል፣ ቆመህ እያየህ ልብህ ይቆስላል። የሶፋው ስር መሳቢያ ሲከፈት የቀዳዳ ክዳን እየነካ ነበር፣ ደውዬ ስነግራቸው ግን ራሳቸው መጥተው ቆርጠው አስተካክለው ሄዱ፣ አልከፈልኩም፣ ምሳ ብቻ ነው የበሉት። ዋጋቸው ርካሽ ነው አልልም። የእጅ ዋጋ መጀመሪያ ይነጋገራሉ፣ ዕቃውን በደረሰኝ ራሳችሁ ነው የምትገዙት፣ እላዩ ላይ የሚጨምሩት ነገር የለም። ቲቪና ስፒከር ምናምን አልወድም ይላሉ፣ እሱን ሌላ ሰው ያስራላችሁ።

ጋሼ ይሄን ካነበቡት (ልጃቸው እንደሚያነብላቸው አውቃለሁ) እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ልጆቼ እዛ ቤት ውስጥ ሲተኙ እኔም እተኛለሁ፣ ሌላ ምን ልበልዎ። በረዶው ሲጠነክር አልጋው ዝግጁ ነው፣ የአልጋዋ ጎን ቀዳዳ የርስዎ ናት።

ሼል የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ፎሙ ሳይነፋ ነው እሳቸውን ማሳየት ያለባችሁ፣ ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ ብዙ የሚያደርጉት ነገር የለም። ሰዉ ሁሉ ኖቬምበር ላይ ነው ትዝ የሚለው፣ ያኔ ወረፋው ሞልቷል፣ በጋው ላይ ጁላይ ምናምን ደውሉ። ቀን መጋዝ ላይ ስለሆኑ ስልክ አያነሱም፣ ከማታው 2 ሰዓት በኋላ ሞክሩ።