«ሙሉው አዲሱ እትም» ተብሎ ጎንደር ውስጥ ለሚሸጠው የዲ ኤንድ ዲ መጽሐፍ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ጎንደር ላላችሁ፣ በተለይ ማራኪና አዘዞ አካባቢ አዲስ የዲ ኤንድ ዲ (ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በዳይስ የሚጫወቱት የምናብ ጀብዱ ጨዋታ) ቡድን ለማቋቋም ብር እያዋጣችሁ ላላችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። በቴሌግራም «ሙሉው አዲሱ የዲ ኤንድ ዲ እትም፣ ሦስቱም መጻሕፍት ከቦነስ ጋር» እየተባለ በ24 ሺህ ብር የሚዞር ማስታወቂያ አለ። ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ላኩ፣ መጽሐፉ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ ይደርሳችኋል ይላል። ቀብዱን አትላኩ። የላካችሁም ካላችሁ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ከእኛ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ የሚጫወት አንድ ተማሪ ገና ሰሞን ገዝቷል። ዕቃው ሲደርሰው ፕላስቲኩን አብረን ቀደድነው። ፕሌየርስ ሃንድቡኩ (የተጫዋቾች መጽሐፍ) ማስታወቂያው ላይ እንዳለው የ2024 ነው። ዲኤም ጋይዱና (የዲኤም፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ሰው መጽሐፍ) ሞንስተር ማኑዋሉ (የጭራቆች መጽሐፍ) ግን የ2014 ናቸው። የአሥር ዓመት መጽሐፍ በአዲሱ ዋጋ ተሸጠለት ማለት ነው። ዕቃውን ያመጣው ሰው ለበዓል ወደ ቤተሰቡ የመጣ እንግዳ ነው፤ የተሰጠውን አደራ አደረሰ፣ እሱ ምን ይጠየቃል? ሻጩ ሲደወልለት «ያው አምስተኛው እትም ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም» አለ። በድጋሚ ሲደወልለት ጆሮ ዳባ ልበስ፤ ከዚያም ልጁን ብሎክ አደረገው። ልጁ ይህን ብር ያጠራቀመው ከቤት ከሚላክለት የኪስ ገንዘብ ላይ እየቆነጠረ ነው።

የመጻሕፍቱን ዓመቶች የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህንን ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ውስጥ 2014 የሚል ያየ ሰው በእኛው አቆጣጠር አስቦ «የቅርብ ጊዜ ነው» ሊል ይችላል። በእኛ 2006 እና 2007 ዓ.ም. የወጡ መጻሕፍት ናቸው።

«ልዩነት የለውም» የሚለው ንግግር በጣም የሚያናድደኝ ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። አሳታሚው የ2024ቱን ስድስተኛ እትም ብሎ አልጠራውም። ቀድሞ የወጡ ጀብዱዎች (ተዘጋጅተው የሚሸጡ የጨዋታ ታሪኮች) በአዲሱ ሩል ይሠራሉ ብሏል፤ በእርግጥም ይሠራሉ፣ እኛም ተጫውተናል። ነገር ግን ጀብዱ ሌላ፣ ዋና መጽሐፍ ሌላ። ኪዩር ዉንድስ የሚባለውን ቁስል የሚፈውስ ስፔል (አስማት) እንውሰድ። በ2014ቱ መጽሐፍ በአንደኛ ሌቭል (ደረጃ) አንድ ባለ ስምንት ፊት ዳይስ ይጣላል። በ2024ቱ ሁለት ባለ ስምንት። ሂሊንግ ወርድ ደግሞ ከአንድ ባለ አራት ወደ ሁለት ባለ አራት አድጓል። ግሬትሶርድ (ትልቅ ሰይፍ) የያዘ ተዋጊ ድሮ ከሳተ ሳተ ነው፤ አሁን ዌፐን ማስተሪ በሚባለው አዲስ የመሣሪያ ሩል ምክንያት ስቶም እንኳ ጠላቱን ይጎዳል። ጭራቆቹ የተከለሱት በሞንስተር ማኑዋሉ በየካቲት 2025 ነው። እንግዲህ አዲሱን ፕሌየርስ ሃንድቡክ ከድሮው ሞንስተር ማኑዋል ጋር የሸጠላችሁ ሰው ካራክተሮቹን (ተጫዋቾቹ የሚጫወቷቸውን ገጸ ባሕርያት) አጠንክሮ ጭራቆቹን በድሮ ጉልበታቸው ነው የሰጣችሁ። ዲኤማችሁ ጀማሪ ከሆነ ችግሩ የት እንዳለ ሳይገባው ጨዋታው ይቀልበታል፣ ከዚያ ይሰለቸዋል።

ላለማዳላት ያህል፣ ሁሉም ነገር አልጠነከረም። ፓላዲን የሚባለው ተዋጊ ስማይት የተባለው ተጨማሪ ምቱ በአንድ ተራ አንዴ ብቻ ሆኗል፤ ግሬት ዌፐን ማስተር በሚባለው ችሎታ ላይ ከመምቻው ዳይስ አምስት ቀንሶ ጉዳቱ ላይ አሥር የሚጨምረው ነገር ተነስቷል። የ2024ቱን ክለሳ እኔ ወድጄዋለሁ። ቅሬታዬ ሳይነግሩ ደባልቆ መሸጥ ላይ ነው።

አሁን ወደ «ቦነሱ» ልምጣ፤ ብዙ ቡድን የሚበላሸው በእሱ ነውና። ቦነስ የሚባለው በ2020 ከወጣው፣ ተጫዋቾች ታሻ ከምንለው ተጨማሪ መጽሐፍ ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረጉ ገጾች ናቸው። ሻጩ «ካራክተራችሁን የማይሸነፍ ያደርገዋል» እያለ ነው የሚያሻሽጠው። ከገጾቹ ውስጥ ትዋይላይት ዶሜን የሚባለው የክሌሪክ (በእምነት ኃይል የሚፈውስ ካህን ካራክተር) ዓይነት አለ። በ2014ቱ ዋና መጽሐፍ ካለው ላይፍ ዶሜን ጋር አስተያዩት። ሁለተኛ ሌቭል የደረሰ የላይፍ ክሌሪክ ቻነል ዲቪኒቲ የሚባለውን ልዩ ኃይሉን ሲጠቀም 10 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ለጓደኞቹ ያከፋፍላል፤ ያውም አንድን ሰው ከግማሽ በላይ መሙላት አይችልም። አለቀ። በዚያው ሌቭል ያለ የትዋይላይት ክሌሪክ 30 ጫማ ዙሪያውን ክበብ ያበጃል፤ ክበቡ አንድ ደቂቃ ማለትም 10 ዙር ይቆያል፤ ክበቡ ውስጥ ሆኖ ተራውን የጨረሰ ጓደኛው ሁሉ አንድ ባለ ስድስት ዳይስ ሲደመር ሁለት ጊዜያዊ ሂት ፖይንት ያገኛል። አማካዩ 5.5 ነው። የ2014ቱ ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) ሲመታ አማካይ ጉዳቱ 5 ነው። ጊዜያዊው ሂት ፖይንት አይደራረብም፣ ግን በየዙሩ ይታደሳል። አምስት ሰው ያለበት ቡድን በየዙሩ ወደ 27 ነጥብ የሚጠጋ ጋሻ በነጻ አገኘ ማለት ነው፤ የላይፍ ክሌሪኩ ግን ጠቅላላ ያለው 10 ነው።

ይህ ነው ፓወር ክሪፕ የሚባለው፤ አዲስ የሚወጣ መጽሐፍ ከቀድሞው ትንሽ ትንሽ እየበለጠ ሲሄድ የቀድሞውን የያዘ ሰው ሳያጠፋ ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ ጠረጴዛ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጁ ቦነሱን ይዞ ሲመጣ ክሌሪኩን ወደ ትዋይላይት ቀየረው። ዲኤማችን ውጊያው ስለቀለለበት የጎብሊኖቹን ቁጥር እጥፍ አደረገ። ከዋናው መጽሐፍ ብቻ የሠራች ቀስተኛ አለችን፤ ቀስተኛ ስለሆነች ከኋላ ከክበቡ ውጭ ነው የምትቆመው። የተጨመሩት ጎብሊኖች ወደ እሷ ዞሩና ገና በሁለተኛው ዙር ወደቀች። የሠራችው ስህተት አልነበረም። የሚብሰው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ሻጭ በውስጥ መስመር «ለቀስተኛ የሚሆን ጠንካራ አለኝ» ብሎ ጻፈላት። አልገዛችም። ተነጋግረን በዋናው መጽሐፍ ብቻ እንድንጫወት ተስማማን፤ ልጁም ቅር ሳይለው ወደ ላይፍ ተመለሰ።

መጽሐፍ በየጊዜው መከለሱ አዲስ ነገር አይደለም። ጨዋታው በ1974 ወጣ፣ ሁለተኛው እትም በ1989፣ ሦስተኛው በ2000፣ አራተኛው በ2008፣ አምስተኛው በ2014። ሦስተኛውን የገዛ ሰው ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ2003 «3.5» ወጥቶበታል። ተመሳሳይ የሆነው ሌላው ጨዋታ ፓዝፋይንደርም ሁለተኛ እትሙን በ2019 አውጥቶ በ2023 እንደገና ከልሶታል። ስለዚህ «አዲሱ» የሚለው ቃል ብቻውን ብር አያስወጣችሁ።

ለጀማሪ ቡድን ደግሞ ጭራሽ መግዛት ግድ አይደለም። የጨዋታው መሠረታዊ ሩል ኤስ አር ዲ በሚባል ሰነድ፣ 5.1 የተባለው በጥር 2023፣ የተከለሰውን የያዘው 5.2 በሚያዝያ 2025 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ተለቋል። ምንጩን የሚጠቅሰውን ጽሑፍ ሳታወጡ አውርዳችሁ፣ አሳትማችሁ፣ ለጓደኛ ብትሰጡ በሕግ የተፈቀደ ነው። ከ300 ገጽ በላይ ስለሆነ በሁለት በኩል ጥቁርና ነጭ አሳትሙት። ለእያንዳንዱ ክላስ (የካራክተር ሙያ) አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለክሌሪክ ላይፍን። ሁሉም ከአንድ መነሻ ስለሚነሳ ለጀማሪ ይኸው ይሻላል ባይ ነኝ። ፓዝፋይንደር የሚሻላችሁ ደግሞ ሩሉን በአሳታሚው ፈቃድ አርካይቭስ ኦቭ ኔቲስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኛላችሁ።

ያው ሻጭ የዲጂታል አካውንት ፓስዎርድም ያከራያል፤ እሱንም ተዉት። በነሐሴ 2024 የአሳታሚው ድረ ገጽ ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የድሮዎቹን ስፔሎችና ዕቃዎች በአዲሶቹ እተካለሁ ብሎ የገዙት ሰዎች ሲጮሁ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን አንስቷል። በራሱ አካውንት የገዛ ሰው እንዲህ ከተሳቀቀ በሰው ፓስዎርድ የሚገባ ምን ዋስትና አለው?

የግድ መግዛት የሚፈልግ ካለ ብሩን እጅ በእጅ፣ መጽሐፉን ገልጦ ይክፈል። ሻጩ ሩቅ ከሆነ ሁለት ነገር በቪዲዮ ያሳያችሁ፦ የመጨረሻውን ገጽ ቁጥርና የኪዩር ዉንድስን ገጽ። ፎቶ አይበቃም፤ ማስታወቂያው ላይ ያለውም የአዲሱ ሽፋን ፎቶ ነው። የተከለሱት ሦስቱም መጻሕፍት 384 ገጽ ናቸው። የ2014ቱ ፕሌየርስ ሃንድቡክና ዲኤም ጋይድ 320፣ ሞንስተር ማኑዋሉ 352 ገጽ ነው። በተጨማሪ ደረሰኝ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል።

ቀብድ የላካችሁ ካላችሁ የቴሌብር መልእክቱን፣ የማስታወቂያውን ስክሪንሾትና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ። የልጁን አቤቱታ ጽፈን ጨርሰናል፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው የሥራ ቀን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እናስገባለን። የእናንተንም አያይዘን ማስገባት እንችላለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ስንጫወት ይዛችሁ ኑ።