ጼተል፦ ከደሴ ሆጤ ሰፈር ሆኜ የተጠቀምኩበት የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ሆና ለነርስነት ሥራ ጀርመንኛ ትማራለች። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ማታ ደወለችና «ጋሼ፣ አንጼተልን ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። «ሴራ መጠንሰስ፣ ጠብ መጫር» አልኳት። «እሱንማ መጽሐፉም ይላል። ጼተል ግን ብጣሽ ወረቀት አይደለም እንዴ? ብጣሽ ወረቀትና ሴራ ምን አገናኛቸው?» ዝም አልኩ። ጀርመንኛ ከተማርኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያውም የተመረቅሁት በሽመና ምህንድስና ነው። መልሱ የገዛ ሙያዬ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አላወቅሁትም።

ድሮ ቢሆን ብድግ ብዬ ከመደርደሪያው መጽሐፍ አወርድ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ላይፕሲሽ ከተማ ሄርደር ኢንስቲትዩት ገብቼ ቋንቋውን አንድ ዓመት ተማርኩ፤ ከዚያ ያኔ ካርል ማርክስ ሽታት ይባል ወደነበረው፣ ዛሬ ኬምኒትስ ወደሚባለው ከተማ ተሻገርኩ። ስመለስ ሻንጣዬን ያከበደው ልብስ ሳይሆን መዝገበ ቃላት ነበር፤ አንድ ዱደንና የምሥራቅ በርሊን አካዳሚ ካዘጋጀው ባለስድስት ቅጽ መዝገበ ቃላት ሁለቱ። በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንወጣ የያዝነው ብርድ ልብስና የባለቤቴን መድኃኒት ነው። በታኅሣሥ ስንመለስ የዱደኑ ሽፋን ጓሮ ተጥሎ አገኘሁት። ውስጡ ለምን እንደዋለ ከምድጃው አጠገብ የነበረው አመድ ነገረኝ። ሁለቱ ቅጾች ግን እስከ ዛሬ የት እንደደረሱ አይታወቅም።

ስለዚህ ያን ማታ ስልኬን አውጥቼ፣ አንድ ወዳጄ ከዓመት በፊት የነገረኝንና ችላ ያልኩትን የበርሊን መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ዴ ቬ ዴ ኤስ (DWDS) ይሉታል። የሚያዘጋጀው የበርሊን-ብራንደንቡርግ የሳይንስ አካዳሚ ሲሆን ለመግባት ክፍያም ምዝገባም አይጠይቅም። ቃሉን ስትጽፉ ትርጉሙ፣ አነባበቡ በድምፅ፣ የትውልድ ሐረጉ፣ ከየትኞቹ ቃላት ጋር መዋል እንደሚወድ፣ ከ1600 ገደማ ጀምሮ በጽሑፍ ውስጥ ሲበዛና ሲያንስ የኖረበት መሥመር ሳይቀር ይመጣል። ሊቃውንቱ ራሳቸው የሚሠሩበት መሣሪያ ነው፤ እኔም ሆጤ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ያንኑ ከፈትኩ።

ሦስት አራት ቃል ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ውስጤን ነካው። የአንዳንዱ ፍቺ አባባል አዲስ አልሆነብኝም። ለካስ መሠረቱ ያ የጠፋብኝ መጽሐፍ ነው! ሩት ክላፔንባህና ቮልፍጋንግ ሽታይኒትስ በኃላፊነት የመሩት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1977 በስድስት ቅጽ የወጣው የዘመናዊ ጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ተገልብጦ፣ ታርሞ፣ ተስፋፍቶ እዚህ ገብቷል። ያሳተመው መንግሥት፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ በ1990 ከካርታ ጠፋ፤ ቃላቱ ቀሩ። መቼም ያ መጽሐፍ ነውር አልነበረበትም አልልም፤ ከአራተኛው ቅጽ ጀምሮ ፍቺዎቹ በፓርቲው አስተሳሰብ እንዲቃኙ ተደርጓል። የዛሬዎቹ አዘጋጆች ይህን እያጠሩ ነው የሠሩት። ለሙከራ «ብሮይለር» ብዬ ጻፍኩ፤ በተማሪነታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰልፈን የምንገዛው የተጠበሰ ዶሮ ነው። የምሥራቅ ጀርመን ቃል መሆኑ ተጠቁሞ ተቀምጧል። ባለቤቴ ብቻዬን የምስቅበትን ምክንያት ጠየቀችኝ፤ «ዶሮ» አልኳት።

ወደ ጼተል ልመለስ። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የቮልፍጋንግ ፋይፈር የቃላት ትውልድ መጽሐፍ እንዳለ ተካትቷል፤ ጨለማውን የገፈፈልኝ እሱ ነው። ጼተል ሁለት ነው። አንደኛው ከላቲን የመጣ፣ ብጣሽ ወረቀት። ሁለተኛው ፍጹም የጀርመን ልጅ ነው፤ የሸማኔ ድር ማለት ነው! አንጼተልን ደግሞ ጨርቅ ሊሠራ የተነሣ ሸማኔ መጀመሪያ ድሩን ሲያደራ ነው። ሴራም እንዲሁ ነው፤ ማጉ ሳይገባ፣ ጨርቁ ሳይታይ፣ አንድ ሰው በጓዳ ድር ያደራል። እኛስ «ተንኮል ሸረበ» እንል የለ? ሁለት ሕዝብ ሳይተዋወቅ ተንኮለኛን ከክር ጋር አስተሳሰረው። እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩት የፋብሪካውን ቃል «ኬተ»ን ነበር፤ ጼተልን የያዘው የእጅ ሸማኔው ነው። የሼክስፒርን ተውኔት ወደ ጀርመንኛ የመለሱት ሰዎች፣ ራሱ የአህያ ራስ የሚሆንበትን ሸማኔ ጼተል ብለው ሰይመውታል። ላይፕሲሽ ቲያትሩን ሳይ «ይህን ሰውዬ ለምን ብጣሽ ወረቀት አሉት?» ብዬ ተገርሜ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ከዚያው ገጽ ወደ ወንድማማቾቹ ግሪም ታላቅ መዝገበ ቃላት መሻገር ይቻላል። ተረት ሰብሳቢዎቹን ያዕቆብንና ቪልሄልምን ማለቴ ነው። ሥራውን በ1838 ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1854 ወጣ። ቪልሄልም ዴ የተባለውን ፊደል ጨርሶ በ1859 ሞተ፤ ያዕቆብ ደግሞ በ1863 ሲሞት «ፍሩኽት» ማለትም ፍሬ የሚለው ቃል ላይ ደርሶ ነበር። ሌሎች ተቀባብለው በ1961 በ32 ቅጽ ፈጸሙት። ከኤ እስከ ኤፍ ያለው ክፍል አርጅቷል ተብሎ እንደገና ሲሠራ የምሥራቅ በርሊንና የምዕራቡ የጎቲንገን ሊቃውንት ግንብ በመሃላቸው ቆሞ እንኳ ፊደል ተከፋፍለው ሠርተዋል፤ ያ ያለቀው በአውሮፓውያኑ 2016 ነው። ወደ ኮምፒውተር የገባበት መንገድም ይደንቃል። የትሪር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቻይና ውስጥ ሁለት ጊዜ በእጅ አስተይበው ሁለቱን ጽሑፎች በማነጻጸር ስሕተት ለቀሙ።

ግሪምን ለመጠቀም ግን ትዕግሥት ይዛችሁ ግቡ። ያዕቆብ ብዙውን ቃል በላቲን ይፈታል፤ ስምን በትልቅ ፊደል መጀመርም አይወድም። ጀማሪ ተማሪ ገብቶ ቢጠፋ አልፈርድበትም። ዴ ቬ ዴ ኤስም ቢሆን ጀርመንኛን በጀርመንኛ ነው የሚያብራራው። አማርኛ አትጠብቁ። ደግሞ ይገርመኛል፤ ከእኛው ከወሎ፣ ከመካነ ሥላሴ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ በአውሮፓውያኑ 1652 ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ጀርመናዊውን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን ቋንቋችንን አስተምረዋል፤ በግዕዝም ይጻጻፉ ነበር። ከዚያ ትምህርት የተገኘው የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት በ1698 ታትሟል። በስልኬ ላይ ግን ጼተልን በቀጥታ «ድር» ብሎ የሚፈታልኝ እስካሁን አላጋጠመኝም።

መብራት ሲጠፋ የማነበው እንዲኖረኝ የሽመና ቃላቱን 14 ገጽ አሳትሜአለሁ። ያሳተምኩት እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ካሉት የኮፒ ቤቶች በአንዱ ነው። ልጅቱ ሁለት ገጽ አትማ ቆመችና «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማተሚያው ቀለም እያንጠባጠበብኝ ነው» አለች። አየሁት፤ በአንዳንዱ ፊደል አናት ላይ ያሉትን ሁለት ሁለት ነጥቦች ነው። የፊደሉ አካል መሆናቸውን ብነግራትም አላመነችኝም፤ ማሽኑን ጠርጋ እንደገና አተመች። ያንኑ ነጥብ ስታይ ነው የሣቀችው፤ የተበላሹትንም ገጾች አላስከፈለችኝም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ መዝገበ ቃላቱን አይመለከትም። በድር ቃላት ታሪክ ላይ የተጻፈ አንድ ጥናት በአንድ የጀርመን ሥነ ልሳን መጽሔት ላይ እንዳለ ደረስኩበት። አሳታሚው 18 ገጽ ለማስነበብ 30 ዩሮ ጠየቀኝ፤ ክፍያውም በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ብቻ። ካርዱ የለኝም፤ ቢኖረኝም ለ18 ገጽ ያን ያህል አልከፍልም። በግብር ከፋይ ገንዘብ የተሠራው መዝገበ ቃላት በነፃ እየተነበበ ሳለ፣ በዚያው መዝገበ ቃላት ተደግፎ የተጻፈው ጥናት መቆለፉ ያናድዳል። መፍትሔው ቀላል ሆነ። ከጥናቱ አጭር መግለጫ ሥር የጸሐፊዋ የኢሜይል አድራሻ ነበር፤ አራት መሥመር ጻፍኩላት። በሦስተኛው ቀን ጥናቱን ላከችልኝ፤ ደሴ ውስጥ ሸማኔዎች ዛሬም ድር በእጅ ያደራሉ ወይ ብላም ጠየቀችኝ። ለዚያ መልስ የጻፍኩት ደብዳቤ ከጥናቱ ሳይረዝም አልቀረም።

ለእህቴ ልጅ የመከርኳት ይህን ነው፦ ፍቺውን ሳይሆን መጀመሪያ ድምፁን ስሚ፤ ከዚያ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል የሚያሳየውን ዝርዝር እይ፤ ግሪምን ፈተናውን እስክታልፊ አትንኪው። ሁለቱን ሰማች፤ ሦስተኛውን አልሰማችም። ባለፈው እሑድ ደውላ «ጋሼ፣ ፋይራበንት የሥራ መውጫ ሰዓት ነው አይደል? ድሮ ግን ምን እንደነበር ያውቃሉ?» አለችኝ። ካርል ማርክስ ሽታት በልምምድ ላይ ሳለሁ ደወሉ ሲደወል ሸማኔዎቹ ሁሉ «ፋይራበንት!» እያሉ ሽርጣቸውን ይፈቱ ነበር፤ የሥራ መውጫ ነው ከማለት ሌላ አስቤ አላውቅም።

«ዋዜማ» አለችኝ። «የበዓል ዋዜማ ነበር።»