ለታፔላ የሚሆን ወፍራም፣ ዘመም ያለና ጫፈ ክብ ፎንት፦ የትኛው ይሻላል?

በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በደብረ ማርቆስ ካፌ ወይም የስፖርት ዕቃ መሸጫ የሚከፍት ሰው ከሩቅ የሚታይ ታፔላ ሲያስብ፣ ወፍራም፣ ወደ ቀኝ ዘመም ያለና ጫፎቹ የተድቦለቦሉ ፊደል ቢመርጥ አያስገርምም። እንዲህ ያለው ፎንት ለንግድ ስምና ለአጭር ርእስ ይስማማል፤ ለምግብ ዝርዝርና ለረጅም ጽሑፍ ግን ዓይን ያደክማል።

ለላቲኑ ጽሑፍ ቅርብ የሆነው ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋር የሚመጣው አሪያል ራውንድድ ቦልድ ነው። ጉድለቱ አንድ ውፍረት ብቻ ያለው መሆኑና ዘመም ያለ ቅርጽ ያልተሠራለት መሆኑ ነው። የማዝመሚያው ቁልፍ ሲነካ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን ፊደል እንዳለ ስለሚያጋድለው፣ ክብ ፊደላት በቀኝ አናታቸውና በግራ ግርጌያቸው ይወፍራሉ፣ በሌላው ጎናቸው ይሳሳሉ፤ ይህም በቢዝነስ ካርድ ላይ ባይታወቅ እንኳ በትልቅ ታፔላ ላይ ያስጠላል። ኑኒቶ ግን ዘመሙ ለብቻው የተሳለለት፣ ውፍረቱ ከ200 እስከ 1000 የሚደርስ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፊደሉ ይወፍራል) እና በክፍት ፈቃድ በነጻ የሚወርድ ስለሆነ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የሚሸጡት ፎንቶች ገንዘብ የሚያወጡት ባለቤቱ ለዓርማው የተለየ መልክ ሲፈልግ ነው፤ ያን ጊዜም ለኮምፒውተር፣ ለድረ ገጽና ለሞባይል መተግበሪያ የሚሰጠው ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ እንደሚሸጥ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ዋናው ጉዳይ ግን አማርኛው ነው። ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱም ፎንቶች የግእዝ ፊደል የላቸውም፤ አማርኛ ሲጻፍባቸው ዊንዶውስ የራሱን የአማርኛ ፎንት፣ ኒያላን ወይም ኢብሪማን፣ ይተካል፣ በዚህም ከግዙፉ የላቲን ስም አጠገብ ሌላ ቤተሰብ የሆነ ቀጭን አማርኛ ይቀመጣል። ከነጻዎቹ መካከል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከ100 እስከ 900 ውፍረት ስላለው የተሻለ መነሻ ነው፤ ሆኖም ጫፎቹ ክብ አይደሉም፣ ዘመም ያለ ቅርጽም የለውም። ስለዚህ ባለሙያው 600 ወይም 700ውን ወስዶ፣ በሥዕል መሥሪያው ፕሮግራም በኮረል ድሮው ማዕዘኑ ክብ የሆነ ጠርዝ ጨምሮበት፣ ከዚያ 8 ዲግሪ ያህል ቢያጋድለው ከኑኒቶ ጋር የሚስማማ መልክ ያገኛል። ከ900 ቢነሣ ግን ጠርዙ ሲጨመር የፊደሉ ሆድ (በውስጡ ያለው ክፍት ቦታ) ይደፈናል።

የሚደፈነውን ለማየት «ምግብ ቤት» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የ«ቤ» ግርጌ ያለችው ቀለበት ከሞላች ከሩቅ «ቢ» ትመስላለች፤ የ«ብ» ጭረትም በድቡልቡሉ ጫፍ ከተዋጠች «በ» ሆና ትነበባለች። እኔ በበኩሌ ከውበቱ ይልቅ ይህን ፈተና አስቀድማለሁ፤ የባጃጅ ስቲከር የሚያሠራ ሰው ደግሞ ፊደሉ ትንሽ ስለሆነ ከታፔላው አንድ ደረጃ የሳሳ ውፍረት ቢወስድ ይሻለዋል። አማርኛው ዘመም ከማለት ቀጥ ብሎ ቢቆምና ዘመሙ ለላቲኑ ስም ብቻ ቢተውም ነውር የለውም፤ እንዲያውም በጠባብ ሰሌዳ ላይ የተሻለ ይነበባል።

አሮጌ፣ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን ከሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውጭ የሆነ የግእዝ ፎንት የሚሸጥ ካለ አለመግዛት ነው፤ ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ካካተተ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ምክንያት የለውም። ፋይሉ ወደ ስቲከር መቁረጫው ከመላኩ በፊትም ጽሑፉ ወደ ሥዕል መስመር ይቀየር፤ አለዚያ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ሌላ ይተካበታል።